ሞጣን ሞታ ብዬ የጻፍኩ ዕለት

የሞጣዋ ልጅ ማሽኗን ይዛ ከመምጣቷ በፊት ቢቸና ውስጥ ወሬ ቀድሞ የሚደርሰው እኔ ዘንድ ነበር። ጉራ አይደለም፤ ሥራዬ ነበር። የምሠራው ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን እከፍትና ሃያ ምናምን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ አንድ በአንድ እዞራለሁ። የመምህራኑ ገጽ፣ የነጋዴዎቹ ገጽ፣ ባሕር ዳር የሚማሩት ልጆች ገጽ፣ ማን እንደሚጽፈው የማይታወቀው የሐሜት ገጽ ሳይቀር። ክፍት የሥራ ቦታ ወጣ? ውጤት ተለቀቀ? የየጁቤ መንገድ በጭቃ ተዘጋ? የማን መታወቂያ ወድቆ ተገኘ? አነባለሁ፣ ለሰው የሚረባውን እመርጣለሁ፣ በአንድ ገጽ ጽፌ አትሜ በሩ ላይ እለጥፋለሁ። ሰው ሊያነብ ይመጣል፤ ሲያነብ ደግሞ ኮፒ የሚደረግ ወረቀት እንዳለው ትዝ ይለዋል። የቤቱ ባለቤት እትዬ ወሬውን የወደዱት ለዚህ ነው። እኔ ግን የወደድኩት ለሌላ ነው። ገበያ ስወርድ ሰው አስቁሞ ይጠይቀኛል። «አንቺ ልጅ፣ ምን ተባለ?» ይለኛል፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ የሚጠብቅ አባት። አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ መሰናዶ የሚያስገባ ነጥብ ያላመጣች ልጅ በከተማው ውስጥ ከዚህ የበለጠ ምን ታገኛለች?

እትዬ ሁለት ቤት ነበራቸው፤ አንዱ ቢቸና፣ አንዱ ሞጣ። በሞጣው ቤት የቀጠሯት ልጅ የቢቸና ልጅ ናት፤ ዘጠነኛና አሥረኛን ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የጨረሰችው። አማርኛ ክፍለ ጊዜ እኔ የጻፍኩትን እሷ ትገለብጣለች፤ ሒሳብ ላይ እሷ የሠራችውን እኔ እገለብጣለሁ። ማትሪክ ላይ የተለያየ ክፍል መደቡን። እሷ አለፈች። ከዚያ ኮሌጅ ገባች፣ ኮምፒውተር ተማረች፣ ተመልሳ ሞጣ ተቀጠረች። እትዬ ሲጠሩን እኔን «የቢቸናዋ»፣ እሷን «የሞጣዋ» ይላሉ። ቢቸና ተወልዳ የሞጣዋ መባሏ እንኳ ያናድደኝ ነበር። ሌላ ከተማ የሚያስጠራ ነገር አገኘች ማለት ነው።

አንድ ሰኞ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። እትዬም አብረው መጥተው ነበር፤ ሌላ ጊዜ እሳቸው የሚቀመጡበትን ወንበር ለእሷ ሳቡላት።

«ነይ እስኪ፣ የሠራችውን እዪላት» አሉኝ።

ስክሪኗ ጥቁር ነው፣ ነጭ ፊደላት ይሮጡበታል። ስክሪፕት ይባላል አለችኝ። ኮድ ጽፋ ነው የሠራችው። በየአሥር ደቂቃው እየሄደ ገጾቹን ይጠይቃል፤ አዲስ ነገር ተለጥፎ ከሆነና እሷ ከሰጠችው ቃላት አንዱ ካለበት ለቅሞ ያመጣል፤ ጠዋት በሦስት ሰዓት ደግሞ ራሱ ያትማል።

«ሲደክመውስ?» አልኳት።

«ምን ይደክመዋል፣ ማሽን እኮ ነው!»

«ሲሰለቸውስ?»

ሳቀች። «እኔ ነኝ እንጂ የሰለቸኝ። ሰልችቶኝ ነው የሠራሁት።»

እሷን የሰለቻት ነገር የእኔ እንጀራ ነበር። እትዬም ሳይደብቁ ነገሩኝ፤ የሚደብቁ ሴት አይደሉም። «መጀመሪያ ሞጣ እንሞክረዋለን። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አየዋለሁ። ከሠራ ለሁለቱም ቤት ወሬ አንድ ሰው ይበቃኛል፣ አንቺም እንግዲህ ሌላ ነገር ትፈልጊያለሽ። አትቀየሚኝ የኔ ልጅ።»

«አልቀየምም» አልኩ። ሆዴ ግን ተቃጠለ።

ከዚያ የባሰው መጣ። ማሽኑ የሚፈልጋቸውን ቃላት መጻፍ ያስፈልግ ነበር፤ እሷ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ላይ ጣቷ ቢበርም አማርኛ ስትጽፍ እንደ ዶሮ እየለቀመች ነው። «እጅሽ እንደ ድሮው ነው አይደል? አንቺ ጻፊልኝ» አለችኝ። «የከተሞቹን ስም ሰው በስንት ዓይነት እንደሚጽፋቸው ታውቂያለሽ ደግሞ።»

አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ዓይኔን ያፈሰስኩበት ነገር ነው። ቢቸናን አንዱ ብቸና ይላል፣ አንዱ ቢቼና ይላል፤ ግንደወይንን ጉንደወይን የሚል አለ፣ ግንደ ወይን ብሎ ለሁለት የሚሰብር አለ። ይህን የሚያውቅ ሰው ከእኔ በቀር የለም፤ አሁን ደግሞ በአንድ ፋይል ጽፌ ላስረክባት ነው። እየጻፍኩ ራሴን በብልቃጥ አፍስሼ የምሰጣት መሰለኝ። እሷ ከጎኔ ቆማ ከእትዬ ጋር ትሳሳቃለች፤ እትዬ ጫማዋን እያዩ «ከየት ገዛሽው?» ይሏታል። የእኔን ጫማ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አይተውት አያውቁም።

ሞጣ ላይ ደረስኩ። እኛ በምንጽፍበት ፕሮግራም «ታ» እና «ጣ» የሚመቱት በአንድ ቁልፍ ነው፤ «ጣ» እንዲሆን ሺፍት ተይዞ ነው የሚመታው። ሺፍቱን አልያዝኩትም። «ሞታ» ብሎ ተጻፈ።

ጣቴ ሳተ። ዓይኔ ግን አልሳተም። አየሁት። ሞታ፣ ሞታ፣ ሁለት ፊደል፣ ቁልጭ ብላ። ለማስተካከል አንድ አፍታ አይፈጅም ነበር። በዚያች አፍታ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሞጣን የማያገኝ ማሽን ለሞጣ ቤት ምን ይሠራል? እሷም ታፍራለች፣ እትዬም ይተዉታል፣ እኔም ከወንበሬ አልነሣም። ቃሉ ራሱ ምን ይዞ እንደሚመጣ አላሰብኩም። ወደሚቀጥለው መስመር ወርጄ ግንደወይንን ጻፍኩ፤ በሦስቱም አጻጻፍ፣ አንድ ፊደል ሳላዛንፍ።

ፋይሉን በፍላሽ ወሰደች። መሥራት አለመሥራቱን በአንድ ቃል ሞክራው ነበር አሉ፤ የሞከረችው ግን የዝርዝሩን የመጀመሪያ ቃል ነው፣ ቢቸናን። ሠራላት።

ሐሙስ ጠዋት የእኛን ኮምፒውተር ልታዘጋጅ ተመልሳ ቢቸና መጣች። የሞጣውን ከፍታ ትታው ነው የመጣችው፤ «እኔ እዚህ ሆኜ እዚያ ብቻውን ሲያትም ታያለሽ» ብላ ትኮራለች። እትዬ ሞጣ ናቸው፣ ወረቀቱ ሲወጣ ወስደው መለጠፍ ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። «ማንበብም አያስፈልግም፣ የሰው እጅ አይነካውም» ብላቸዋለች።

ቤቱ በሰው ሞላ። ጠዋት ጠዋት እየመጡ እኔን የሚጠይቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዱላቸውን በሩ ላይ ያቆሙና «እህ፣ የማዳበሪያው ነገር ምን ተባለ?» ይሉኛል። የዚያን ቀን ገብተው፣ እኔን አልፈው፣ ላፕቶፗ አጠገብ ቆሙ።

«አንቺ ነሽ አሉ ወሬውን በእቃ የምትለቅሚው?»

«አዎ አባባ፣ ይቀመጡ።»

«እንግዲያ የማዳበሪያው ነገር ምን ተባለ?»

እኔ እዚያው ነኝ እኮ! ሁለት ክንድ አልራቅኩም። መልሱንም አውቀዋለሁ፣ ትናንት ማታ አንብቤዋለሁ። አልነገርኳቸውም። ማሽኗ ትንገራቸው።

ሦስት ሰዓት ከትንሽ ላይ ስልኳ ጮኸ። እትዬ ናቸው። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተችው፤ መቼም ምስጋና ጠብቃ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ ምንድን ነው ያስለጠፍሽኝ?» የእትዬ ድምፅ ነው፤ ከኋላቸው ሰው ሲስቅ ይሰማል። «ቆይ ላንብብልሽ፤ መነጽሬን አሁን ገና አገኘሁት። ‹ስልኬ ቻርጅ ጨርሳ ሞታ ስለነበር ነው ያልመለስኩላችሁ፣ ይቅርታ።› ይኼ ክፍት የሥራ ቦታ ነው?»

የእኛም ቤት ሰው ሳቀ።

«‹ልጄን ከትናንት ጀምሮ አሞታል፣ በጸሎት አስቡት።› እሺ፣ እግዜር ይማረው። ‹የታናሼ ጊደር ሞታ አብረን ስናለቅስ ዋልን።› ስለ ጊደር ነው እንዴ የምንለጥፈው? ስለ ሞጣ አንድ ቃል የለም! ሰው በር ላይ ተሰብስቦ ሲንከተከት ነው ያለው።»

«ቆይ እትዬ፣ አየዋለሁ» አለች። ፊቷ ቀላ። «አሞታል? አሞታል የሚል ቃል መቼ ሰጠሁት?»

እኔ ወዲያው አየሁት። «አሞታል» ውስጥ፣ በ«አ» እና በ«ል» መካከል፣ የእኔ «ሞታ» ተቀምጣለች። ማሽኑ የተሰጠውን ሁለት ፊደል በየቃሉ ሆድ ሳይቀር እየገባ ነበር የሚለቅመው። ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው «እስቲ አንቺ፣ የማዳበሪያው…» ሲሉኝ ትናንት ያነበብኩትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ጮክ ብዬ፣ እሷ እየሰማች ነገርኳቸው።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ እትዬ እንደገና ደወሉ። አሁን ሳቅ የለም። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፣ እኔም ከአጠገቧ ሆኜ ሰማሁት።

«ሲስተር አነበበችው» አሉ።

ሲስተር የምንላት ከወሎ በኩል ተመድባ የመጣች የሞጣ ነርስ ናት። ወረቀቷን ኮፒ የምታስደርገው እትዬ ቤት ነው። ታናሽ እህቷ በሩቅ አገር ሞታ ኖሯል፤ የሥራ ጓደኞቿ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል ከሰሙ። መርዶ እንዲሁ በመንገድ አይነገርም፤ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ የሚይዛት ሰው ይዘጋጃል፣ በማለዳ ቤቷ ተሂዶ ነው የሚነገራት። ቅዳሜ ማለዳ ሊያረዷት ተቀጣጥረው ነበር። የሲስተር ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ ገጽ አታይም፤ ይህን ተማምኖ አንደኛው የጤና ሠራተኞቹ ገጽ ላይ ጻፈ። ማሽኑ እንዳለ አምጥቶ፣ በትልቅ ፊደል አትሞ ሰጠ።

የሲስተራችን ታናሽ እህት ሞታለች። ቅዳሜ ማለዳ እስክናረዳት ድረስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል።

ይህ የእትዬ በር ላይ ነበር፣ ከጊደሯ በታች። ሲስተር የቆመችው ሰው ለምን እንደሚስቅ ለማየት ነው።

«የሰው እጅ አይነካውም ብለሽኝ እኮ ነው ያላነበብኩት!» አሉ እትዬ፣ እያለቀሱ። «ሁለታችሁም ኑ። አሁኑኑ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሷ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ከፍታ ዝርዝሩን ወረደችው። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ጣቷ ቆመ። ቃሉን አሰፋችው፣ እንደገና አሰፋችው፣ ስክሪኑን እስኪሞላ ድረስ።

«ሞታ» አለች በሹክሹክታ። «አላየሁትም። እንዴት አላየሁትም? ሳልፈትሽ ነው ያስገባሁት።»

ማን እንደጻፈው ታውቃለች። ወደ እኔ ትዞራለች ብዬ ጠበቅኩ። መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ «ጣት ይስታል፣ ማየት የአንቺ ሥራ ነበር» የሚል። አልዞረችም። ግንደወይን ደረስን፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ፣ አልዞረችም። ከንፈሯን ነክሳ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ስድብ የምችለው ነገር ነው።

ሲስተር ተከራይታ የምትኖርበት ግቢ በሰው ተሞልቷል። እትዬ በር ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። የሞጣዋ ልጅ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ በለቀስተኛው መካከል ሰንጥቃ ገብታ ሲስተር እግር ሥር ተንበረከከች።

«ሲስተር፣ እኔ ነኝ። የእኔ ማሽን ነው የለጠፈው። ሳላይ የተውኩት እኔ ነኝ።»

ታባርራታለች ብዬ ነበር። እኔ ብሆን በጥፊ ነበር የምላት። ሲስተር ግን በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ይዛ ደረቷ ላይ ለጠፈቻትና «ሁለት ቀን ምሳ አብረውኝ በሉ!» ብላ ጮኸች። «ሁለት ቀን ከነሱ ጋር ስስቅ ዋልኩ፣ እህቴ አፈር ውስጥ ሆና! ምነው ባትደብቁኝ! ምነው!» ጓደኞቿ አንገታቸውን ደፉ። የሞጣዋ ልጅ አብራት አለቀሰች። ሴቶቹ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እሷ ምን ታድርግ» እያሉ ጀርባዋን ያሻሹላታል።

እኔ ግድግዳ ተደግፌ አያለሁ። እንግዲህ ለሲስተር አዘንኩ ብዬ ብጽፍ ያምራል፤ አዝኛለሁም። ግን መጀመሪያ የተሰማኝ እሱ አይደለም። መጀመሪያ የተሰማኝ ያው የሰኞው ቃጠሎ ነው። ጥፋቱ የእኔ፣ የምትታቀፈው እሷ! ነጥቡን ወሰደች፣ ኮሌጁን ወሰደች፣ ሽማግሌውን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ጥፋቴን ወስዳ በጥፋቴ ትወደዳለች።

እትዬ ክንዴን ይዘው ወደ አጥሩ ወሰዱኝ።

«ማሽኑ ይቅርብኝ» አሉ። «ሰው የሚያነበው ይሻላል። ወንበርሽ ወንበርሽ ነው። የሞጣውንም ወሬ ከዛሬ ጀምሮ አንቺው ትይዢልኛለሽ። እሷን ለጽሕፈት ብቻ አስቀምጣታለሁ።»

የፈለግኩት ይኼው ነው። ከፈለግኩትም በላይ። «እሺ እትዬ» ብሎ ዝም ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ከግቢው ውስጥ አንዲት ሴትዮ «ልጅቷ እንዴት ያለች ጨዋ ናት! ማን ነው እንዲህ ጥፋቱን የሚያምን?» ስትል ሰማሁ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ሞታ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ ቃላቱን አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው። ጣት ይስታል የኔ ልጅ።»

«አይቼዋለሁ። አይቼ ነው የተውኩት።»

ሰው ንስሐ የገባሁ ይመስለው ይሆናል። አልነበረም። ያቺ ሴትዮ ያለችውን ነገር ለሷ ልተውላት አልቻልኩም፤ ይኸው ነው። የእኔ የሆነ አንድ ነገር እንኳ ይቅርልኝ ብዬ ነው፣ ጥፋትም ቢሆን።

«ምን አድርጋሽ ነው?» አሉኝ።

«ምንም። ቀንቼ ነው።»

«ቀንተሽ» አሉ፣ ቃሉን እንደ ትኩስ ነገር አፋቸው ውስጥ እያዟዟሩ። ሌላ ምክንያት ብሰጣቸው የሚቆጡ ይመስለኛል። በዚህኛው አልተቆጡም። «ቁልፉን ስጪኝ» ብቻ አሉ። የቢቸናውን ቤት ቁልፍ ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ለቅሶው ተመለሱ።

መናኸሪያ ቆሜ የቢቸና ሚኒባስ ስጠብቅ እየሮጠች ደረሰችብኝ። ዓይኗ አብጧል። እትዬ ነግረዋታል ማለት ነው።

«አይተሽው ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ሚኒባሱ ውስጥም ዝም አልሽኝ።»

«አዎ አልኩሽ እኮ።»

የምትተፋብኝ መስሎኝ ፊቴን አዘጋጀሁ። እሷ ግን ትንሽ ትንፋሿን ሰበሰበችና፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «እትዬ ስሙን አስተካክዪና ቀጥይ ብለውኛል፤ ግን ሳይነበብ እንዳይለጠፍ። ሁሉንም ማንበብ አልችልም። አንቺ ሁለት ዓመት ሙሉ መርዶ ለጥፈሽ አታውቂም። እንዴት ነው የምትለዪው?»

አሁን ይኼ ይጠየቃል? ወንበሬ ላይ ተቀምጣ፣ የቀረችኝን አንዲት ነገር ደግሞ አምጪ ትለኛለች!

«ሞኝ አደረግሽኝ?» አልኳት። «በኮድሽ ፈልጊው።»

«እሺ» አለች። አልሄደችም። ረዳቱ «ቢቸና! ቢቸና! አንድ ሰው!» እያለ በሩን ይደበድባል። ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ስታነብ ምን ትመስል እንደነበር አላየሁም፤ ግን በዚያች ሰዓት ታየኝ፣ ከጊደሯ ወደ ታች ዓይኗ ሲወርድ።

«‹እስክናረዳ› የሚል ካለበት አትለጥፊ» አልኩ፣ እሷን ሳላያት። «‹እንዳትሰማ›፣ ‹እንዳይሰማ› የሚልም እንደዚያው።»

ስልኳን አውጥታ ጻፈችው። እዚያው፣ እኔ እየተቃጠልኩ፣ እንደ ዶሮ እየለቀመች ጻፈችው።

«ሌላስ?» አለች።

ገብቼ ተቀመጥኩ። ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ፤ እሷ ስልኳን እንደያዘች አብራ ትራመዳለች። ለረዳቱ «ቆይ» አልኩትና መስኮቱን ከፍቼ ሌላውን ነገርኳት፤ ሰው ሞቶ ሳይነገር ሲቀር ዘመድ «በጣም ታማለች» ብሎ እንደሚጽፍ፣ ደጋግሞ «ጸልዩላት» ካለ ደግሞ ነገሩ ያለቀ መሆኑን። ከዚያ መስኮቱን ዘጋሁት። ጽፋ ስትጨርስ ማየት አልፈለግኩም።